ዳንቴሉ የማን ነው?

እኔ ቁጭ ማለት አልችልም። አቃቂ በሰቃ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ሱቄ ውስጥ በርጩማ አለ፣ የሚቀመጥበት ግን ደንበኛ ነው፤ እኔ ክር ስመትር፣ ዚፕ ስፈልግ፣ በር ላይ ወጥቼ ከባጃጅ ሾፌር ጋር ስጨቃጨቅ ነው የምውለው። ባሌ ሳዲቅ «ሰዓዳ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይለኛል። እሱ ተቀምጦ የታጠቀው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ዘንድሮ ደግሞ ብሶብኛል። ልጄ ሰሀር ኒካህ ሊታሰርላት ነው፣ ረመዳን ደግሞ ደጅ ላይ ቆሟል። ከረመዳን በፊት ካላለቀ ወዲያ ከዒድ በኋላ ነው፤ ሙሽራው ደግሞ እስከዚያ የሚቆይ የሥራ ፈቃድ የለውም። መንገዱ ተቆፍሮ ሰፈሩ አቧራ ሆኗል፣ መብራት እንደፈለገው ይሄዳል ይመጣል፣ የድንኳኑ ሰውዬ ስልክ አያነሳም። እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይኔ ጠፍቷል። በዚህ ሁሉ መሀል ሰሀር መጣችና፣ ዓይነ ርግቤ ጠርዙ ላይ የትራስ ዳንቴል ካልዞረበት አልለብስም አለች።

የትራስ ዳንቴል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው፤ ዳንቴል ሁሉ አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከመርካቶ በጥቅል የሚመጣ አለ፣ ማሽን የተፋው፤ እሱን በሜትር እየቆረጥኩ እሸጠዋለሁ፣ ስምም የለው። በኪሮሽ የሚሠራ አለ፣ የየቤቱ ነው፣ ሶፋና ቴሌቪዥን የሚለብሰው። የትራሱ ግን ሌላ ነገር ነው። በጭድ የተጠቀጠቀ ደረቅ ትራስ ላይ የተበሳሳ ካርቶን ይነጠፋል፣ በየቀዳዳው ስፒል ይሰካል፣ ክሩ በትንንሽ እንጨት ላይ ይጠቀለላል፤ ሴቶቹ ስሙን ከሸማኔ ወስደው ቀሰም ይሉታል። ከዚያ ቀሰሞቹን እያሻገሩ ማጠላለፍ ነው። ሲሠራ ቀጭ ቀጭ ይላል። እኔ ድምፁን ስሰማ ራሱ እግሬን ያሳክከኛል፤ ሰው እንዴት ለአንዲት ጣት ዳንቴል ግማሽ ቀን ይቀመጣል?

ሙያውን ድሮ ባቡር ጣቢያው ላይ ሹም የነበረ የአንድ ፈረንጅ ሚስት ለእማማ ዳሲቱ አስተማረቻቸው፤ እማማ ዳሲቱ ደግሞ ለጣቢያ ሰፈር ሴቶች። ፈረንጅ አገር ዳንቴል የሚጠራው በተሠራበት ከተማ ስም ነው አሉ። እማማ ዳሲቱ ግን ያንን አልተቀበሉም። የማላውቀው ከተማ እጄ ላይ ምን ይሠራል ብለው በራሳቸው መንገድ ለዩት። መጀመሪያ ክሩን ነው የሚያዩት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ ከሄደ ቀጥ ነው፣ ቁራጭ ቁራጩ ለብቻ ተሠርቶ ከተጋጠመ ቅጥያ። ቀጥለው መደቡን ያያሉ። መደብ ማለት አበባው የሚቀመጥበት፣ ባዶ የሚመስለው መረብ ነው፤ እንደ ቀዳዳው መልክ ወንፊት የሚባል አለ፣ ሐዲድ አለ፣ የማር እንጀራ አለ። አበባውን መጨረሻ ላይ ነው የሚያዩት። «አበባ ያታልላል፣ መደቡን እዪ» ይላሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሰው ስም ይመጣል። አዲስ ዳንቴል መጀመሪያ የተሠራው ለማን ነው? በዚያ ሰው ይጠራል። የየሺሐረግ አለ፣ ቢራ የምትባል ሴት ነበረች፣ የሷ አለ። የቀናውም አለ፤ ቀናው ወንድ ነው፣ ሚስቱ ለሠርጉ ጋቢው ጠርዝ ላይ ሠርታለት ሰፈሩ ዓመት ሙሉ ስቆበታል። ስሙ ታዲያ እንዲሁ የሚለጠፍ አይደለም። ሌላ ሰው ያንን ዳንቴል ከፈለገ ባለስሙን፣ ባለስሙ ልጅ ከሆነም እናቱን ሄዶ ይጠይቃል። ለሙሽራ የምትጠይቀው እናቷ ናት። በር ላይ ቆመሽ «የየሺሐረግን ስጪኝ» ትያለሽ። ከፈቀደች «ቁጭ በይ» ትልሻለች። ካልፈቀደች ውሃ ትሰጥሻለች፣ ቆመሽ ጠጥተሽ ትሄጃለሽ፣ ቂም የለም። ደግሞ የለበሰችው ሴት «የማን ነው?» ብለው ሲጠይቋት ስሙን ጮክ ብላ መናገር አለባት። ሕጉ ይሄው ነው፣ በደንብ የሚያውቀው ደግሞ ሰፈሩ ብቻ ነው።

ሱቄ ግድግዳ ላይ ከየዓይነቱ አንዳንድ ቁራጭ የተሰፋበት ጥቁር ጨርቅ ሰቅያለሁ። ሰሀር ፊቱ ቆማ ጣቷን ስታዞር ስታዞር ቆየችና አንዱ ላይ አሳረፈችው። «እማ፣ ይሄ» አለች። ጠጋ ብዬ አየሁት። ቀጥ፣ የማር እንጀራ መደብ፣ ባለ ኮከብ አበባ። የሚራክል ነበር።

ሚራክል የሥርጉት ልጅ ናት። ሥርጉት ጎረቤቴ ናት፣ በአንድ ግድግዳ የምንለያይ፤ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፣ በሰርቪስ ሄዳ በሰርቪስ ትመለሳለች፣ ነገር አታበዛም። ስንት ዓመት ልጅ ስትለምን ኖራ ነው ያቺን ያገኘችው፣ ስሟንም ለዚያ ብላ፣ ተአምር ናት ስትል አወጣችላት። ሰሀርና እሷ በአንድ ክረምት ተወለዱ። ለሚራክል ክርስትና ብላ ሥርጉት ገና እርጉዝ ሆና ያንን ዳንቴል ጀመረች። ከእማማ ዳሲቱ ትራስ ላይ እንደዚያ ያለ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልተቆረጠም። ልጅቷ ዓመት ሳይሞላት በሳንባ ምች ሞተች።

ከዚያ ወዲህ የሚራክልን የጠየቀ የለም። ማን አፍ አለው? እናቷ ደጅ ቆሞ «የሚራክልን ስጪኝ» ሊል! ሰፈሩ ሳይመካከር ተስማማ፣ ስሟን ማንም አያነሳም። እኔማ የባሰውን አደረግኩት። ሰሀር ስትድህ ግቢ አላወጣኋትም። ትምህርት ቤት ስትገባ ዩኒፎርሟን አልብሼ በጓሮ በር ነው ያሾለክኋት፣ ሥርጉት እንዳታያት ብዬ። ልደቷን አክስቷ ቤት ወስጄ ነው የማከብርላት። የምረቃ ፎቶዋ ሳሎን አልተሰቀለም፣ መኝታ ቤት ነው ያለው፤ ሳዲቅ እስከ ዛሬ ያኮርፈኛል። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? አፌ የማያርፈው እኔ በዚያች ስም ላይ ብቻ ዝም አልኩ፣ ለሥርጉት የማደርግላት ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኝ ነበር።

ሰሀርን ሌላ ምረጪ አልኳት። የየሺሐረግ ያምራል፣ ሐዲዱም ለሙሽራ ይሆናል አልኳት። ቁራጩ ላይ ጣቷን እንዳሳረፈች ቀረች። የማን እንደሆነ ታውቃለች፣ ሥርጉት ልጅ እንደሞተባትም ታውቃለች። እኩያዬ ነበረች አይደል፣ ለዚያም ነው የፈለግኩት አለችኝ። ሄደሽ ጠይቂያት አለችኝ። ደሜ ፈላ። የኔ ልጅ ሙሽራ ሆና፣ የሷ ልጅ አፈር ገብታ፣ እኔ ደጇ ላይ ቆሜ ዳንቴሏን ልጠይቅ? በልጅቷ ላይ መጮህ ሆነ ትርፉ። ግትርነቷን ከማን እንደወሰደች ሳዲቅ ጠየቀኝ፣ እሱንም ጮህኩበት።

ግን ልጅ ናት፣ ሠርጓ ነው። ልጠይቅ ብዬ ተነሳሁ። አንድ ቀን ከሰዓት ሥርጉት ከሥራ እስክትገባ በር ለበር ስንጎራደድ ቆየሁና አንኳኳሁ። በሩን ቶሎ ከፈተችው፣ የፋብሪካውን ካፖርት እንኳ አላወለቀችም። ዓይኖቿን አየሁ። ስኳር አለሽ ወይ አልኳት። ገብታ በኩባያ ሰጠችኝ። ቤቴ ሙሉ ስኳር አለ፣ ለሠርጉ የተገዛ።

ሌላ ቀን ሰርቪሱ የሚያወርዳት አስፋልት ዳር ሄጄ ጠበቅኳት። በዚያ አቧራ ውስጥ ጎን ለጎን እየተራመድን ያላወራሁት ነገር የለም፤ ስለ ቁፋሮው፣ ስለ ድንኳኑ ሰውዬ፣ ስለ ሙሽራው አክስቶች። አንዴ ባጃጅ ሊገጨኝ ነበር። ደጇ ስንደርስ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክታ ሳትከፍት ቆመች። የምትይኝ ነገር አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኳት። እሺ አለችና ገባች። እኔ እዚያው ደጅ ላይ ራሴን ስረግም ቆየሁ።

መፍትሔው የመጣልኝ ከቂርቆስ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ቆሜ ነው። «አበባ ያታልላል፣ መደቡን እዪ።» ዳንቴልን ዳንቴል የሚያደርገው መደቡ ከሆነ፣ መደቡ ሲለወጥ ስሙም ይለወጣል ማለት ነው። ስሙ ከተለወጠ መጠየቅ የለም! ከታክሲው ወርጄ ቀጥታ እማማ ዳሲቱ ቤት ገባሁ። እማማ ዳሲቱ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ጭላንጭል ነው የሚያየው፣ ጣቶቻቸው ግን ብርድ ልብሱ ላይ አሁንም ቀሰም እንደሚያሻግሩ ናቸው። ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ጠየቅኳቸው። አበባው ያው ሆኖ መደቡ ቢለወጥስ?

«ስሙ ይለወጣላ» አሉ። «መደቡ ሌላ ከሆነ ዳንቴሉ ሌላ ነው። ምን ፈልገሽ ነው?»

ለእውቀት ነው አልኳቸው። «አንቺ? ለእውቀት?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁብኝ።

የሚሠራውን ያዘዝኩት የልጅ ልጃቸውን ሊዲያን ነው። ሊዲያ ስልኳን ትራሱ ላይ አስደግፋ ቲክቶክ እያየች ነው የምትሠራው፣ እጇ ግን የአያቷን ይመስላል። ባለ ኮከብ አበባ፣ በወንፊት መደብ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ኮከቡ ከየት እንደመጣ ታውቃለች፣ ካርቶኑ አያቷ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። እትዬ ሰዓዳ፣ ይሄ እኮ ሼም ነው፣ ደግሞ ኮከቡ ወንፊት ላይ አይቀመጥም አለችኝ። ይቀመጣል አልኳት። ችክ አትበይ አለችኝ፣ ችክ አልኩ። ለማንም እንዳትናገሪ ብዬም አስማልኳት።

ከዚያማ የኔ ነገር ሩጫ ሆነ። ጠዋት ሱቅ ሳልከፍት ሊዲያ ጋ፣ ምሳ ላይ ሊዲያ ጋ፣ ማታ ከዘጋሁ በኋላ ሊዲያ ጋ። ስንት ደረስሽ? ለምን ቆምሽ? ያ ስፒል ለምን ጎበጠ? እኔ ስመጣ ቀሰሙ እንደሚምታታባት ነገረችኝ፣ ቢሆንም መሄዴን አልተውኩም። ዳንቴሉ እየረዘመ ሲሄድ የፈራችው ደረሰ። የማር እንጀራ ኮከቡን ዙሪያውን ይዞ ያቆመዋል፤ ወንፊቱ ግን ልል ነው፣ ኮከቡ መሀል ላይ እርጥብ ልብስ እንደተሰጣበት ገመድ ረገበ። ከሩቅ አይታይም አልኳት። ለራሴም እንደዚያው አልኩ።

ሰሀርን ወስጄ አሳየኋት። ትራሱ ላይ ጎንበስ ብላ መደቡን መረመረች።

«እማ፣ ይሄ እኮ የሚራክል አይደለም።»

አዎ፣ አይደለም፣ እሰይ፣ መደቡ ወንፊት ነው፣ የራስሽ ስም ነው የሚወጣለት፣ የሰሀር ይባላል አልኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ስሜን መች ፈለግኩ ብላኝ ወጥታ ሄደች። ተከተልኳት፣ ድንጋይ ላይ እየዘለልኩ፣ ከኋላዋ እየተጣራሁ፤ ባጃጅ ይዛ ጥላኝ ሄደች። ሰው ሁሉ እያየኝ በአቧራው መሀል ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ ሱቅ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ሻማ ስለኩስ ሊዲያ ደወለች። ሥርጉት ከሥራ ስትመለስ እማማ ዳሲቱን ልትጠይቅ ገባች አለችኝ፤ ትራሱን አየችው፣ ጎንበስ ብላ ኮከቡን በጣቷ ነካችውና ወጣች። ያ ረቢ! ሱቁን ልዝጋ? ወደ ቤት ልሂድ? ልደበቅ? በዚያች ጠባብ ሱቅ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ተላተምኩ። ቀና ስል ሥርጉት በሩ ላይ ቆማለች።

ሰላም አላለችኝም። ገባችና ጥቁሩ ጨርቅ ፊት ቆመች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የተናገረችው።

«ሊዲያ ትራስ ላይ ያለው የማን ነው?»

ሲጠየቁ መናገር ግዴታ ነው። የሰሀር አልኳት። ከዚያ አፌ ተከፈተ። መደቡ ወንፊት ነው፣ እማማ ዳሲቱን ጠይቂ፣ መደቡ ሌላ ከሆነ ዳንቴሉ ሌላ ነው፣ አበባ ያታልላል፣ አበባውማ የማንም ነው፣ ልጅቷ ወዳው ነው፣ አንቺን ላለማስቸገር ብዬ ነው፣ አንቺን ላለማስታወስ። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አወራሁ። እሷ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ዞረች።

«ላለማስታወስ?» አለች። «ረስቼ ነበር እንዴ?»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ሰሀርን በጓሮ ስታሾልኪ በመስኮት አይሻለሁ፣ ሰዓዳ። አውቃለሁ፣ ለኔ አዝነሽ ነው። ሁላችሁም አዝናችሁልኝ ነው። ግን ከቀብሯ ማግስት ጀምሮ አንድ ሰው ስሟን ጠርቶልኝ አያውቅም። ስትናፍቀኝ ቧንቧ ከፍቼ በውሃው ድምፅ ውስጥ ነው የምጠራት፣ አበደች እንዳትሉኝ። መቃብሯ ላይ የተጻፈውን ዝናብ አጥቦታል። ስሟ የቀረው እዚህ ግድግዳሽ ላይ ነው፣ በዚህች ቁራጭ። አንድ ቀን የአንዷ ሙሽራ እናት መጥታ ትጠይቀኛለች እያልኩ ነው የኖርኩት። ስኳር ልትጠይቂኝ የመጣሽ ዕለት፣ መጣች ብዬ እየሮጥኩ ነው በሩን የከፈትኩት። አንቺ ስኳር አልሽኝ።»

ይሄን ብላ ወጣች። እሷን ከሐዘን እጠብቃታለሁ ብዬ ልጇን ለሁለተኛ ጊዜ ቀብሬባት ኖሬያለሁ። ያቺን አንዲት የቀረች መደቧን እንኳን ነቅዬ ኮከቧን ወንፊት ላይ አንጠለጠልኩባት።

ሱቁን አልዘጋሁትም፣ ሻማውንም አላጠፋሁትም። ደጇ ድረስ ሮጥኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እንደ ሕጉ ደፉ ላይ ቆምኩ። እሷ ውስጥ ባለው ጭላንጭል ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ ስሙ አልወጣም አለኝ። ከአፌ ከጠፋ ሃያ ምናምን ዓመቱ ነው።

«የ… የሚራክልን ስጪኝ» አልኩ።

«አልሰማሁም።»

ሰምታለች። እንደሰማች እኔም አውቃለሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። አሁንም አልሰማሁም አለች፣ እንባዋ ግን አገጯ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ጮህኩት። የሚራክልን ስጪኝ፣ ለሰሀር፣ ለልጄ! ሳዲቅ በግድግዳው ወዲያ ምን ሆነች ብሎ ወጣ፣ የላይኛው ቤት ሰዎች መስኮት ከፈቱ። ሰፈሩ ሰማ።

«ቁጭ በይ» አለችኝ።

ቁጭ አልኩ። መቼ እንደዚያ እንደተቀመጥኩ አላስታውስም። እኔም አለቀስኩ፣ እሷም አለቀሰች። ከዚያ ሳጥን ከፍታ የሚራክልን የክርስትና ልብስ አወጣች፣ ነጩ ቢጫ ሆኗል፣ ኮከቦቹ ግን አንዳቸውም አልረገቡም። ሚራክል ፀሐይ ስታይ እንደምታስነጥስ፣ ባቡር ሲያልፍ እጇን እንደምታራግብ፣ የግራ ጆሮዋን ይዛ እንደምትተኛ ነገረችኝ። ብዙ ነገረችኝ። አንዴም አላቋረጥኳት፣ ይሄንንም ሳዲቅ አላምንም ብሏል።

የሊዲያን ወንፊት ሥርጉት ራሷ ፈታችው። ክሩን አልጣለችውም፣ ቀሰሙ ላይ መልሳ ጠቀለለችውና በማር እንጀራ እንደገና ጀመረች። ፈረቃዋን ከሥራ ጓደኛዋ ጋር ተቀያይራ ቀኑን ትራሱ ላይ ትውላለች፤ ሊዲያ አጠገቧ ናት፣ ስልኳን ሳይቀር አጥፍታ። እኔ በር ላይ ስንቆራጠጥ፣ ረመዳን ገባ፣ ጨረቃዋ ልትታይ ነው፣ አይደርስም ስል፣ ሥርጉት ቀና ሳትል «ቁጭ በይ» ትለኛለች። እቀመጥና ክር እጠቀልላለሁ። መቼም ለዙሪያው ሁሉ የሚደርስ አልነበረም። ግንባር ላይ ለሚውለው ጠርዝ ብቻ ደረሰ። ሊቆረጥ ሲል እማማ ዳሲቱን ደግፈን አመጣናቸው። አበባውን አልነኩም፣ ጣታቸውን መደቡ ላይ አስኬዱና «የሚራክል ነው፣ ቁረጡት» አሉ።

የኒካሁ ዕለት ድንኳኑ በመጨረሻ ተተክሏል፣ ሰውዬው ስልኩን ያላነሳው ጠፍቶበት ኖሯል። ሰሀር በሴቶቹ ድንኳን ተቀምጣለች፣ ዳንቴሉ ግንባሯ ላይ ነው። መጀመሪያ የጠየቀቻት የሺሐረግ ናት። የማን ነው አለቻት። ሰሀር ድንኳኑ እስኪሰማ «የሚራክል!» አለች። የሰፈራችን ሴቶች እልል አሉ።

እኔ ሳህን አነሳለሁ፣ እሞላለሁ፣ ላይ ታች እላለሁ። ከአፍታ በኋላ ነገሩ ገረመኝ። ጥያቄው አላቋረጠም። ከሰፈራችን ሴቶች አልፎ የሙሽራው አክስቶች፣ ከወራቤ የመጡት፣ የትራስ ዳንቴል አይተው የማያውቁት፣ አንድ በአንድ እየተነሱ ሰሀር ፊት ይቆማሉ፤ የማን ነው ይሏታል፣ የሚራክል ትላቸዋለች፣ ማሻአላህ ብለው ይመለሳሉ። እነዚህ ሰዎች ሕጉን ከየት አወቁት? ሳህኑን ይዤ ዞርኩ። ሥርጉትን አየኋት። ያቺ ዝምተኛዋ ሥርጉት ከወንበር ወንበር እየተሹለከለከች በየሴቱ ጆሮ ጎንበስ ትላለች። ጠጋ ብዬ ሰማሁ።

«ሂጂና ሙሽራዋን ዳንቴሉ የማን እንደሆነ ጠይቂያት» እያለች ነው።

ድንኳኑን እንደዚያ ዞረችው። አሮጊቷንም፣ ኮረዳዋንም፣ ሻይ የምታድለዋንም ላከች። ከዚያ የሚላክ ሰው አለቀባት። መሀል ላይ ቆማ ግራ ቀኝ አየች፣ ያልጠየቀች ሴት አልቀረችም። ሻሿን አስተካከለች፣ ሊቀመጡ ሲሉ እንደሚደረገው።

ሳህኑን ለሊዲያ ሰጠኋት። በሴቶቹ መሀል ተጋፍቼ ሄጄ የገዛ ልጄ ፊት ቆምኩ።

«ሙሽራዋ፣ ዳንቴሉ የማን ነው?»

ሰሀር አልሳቀችብኝም። በትከሻዬ አሻግራ ሥርጉትን አየቻትና ከሁሉም ጊዜ ይልቅ ጮክ ብላ ነገረችኝ።

«የሚራክል ነው።»